ዋይናኒ ከማሊኮ እስከ ወደቡ

ጋራዤ ውስጥ አቧራ ለብሼ የማዕበል መጋለቢያ ሰሌዳ ስልግ ዋይናኒ መጥታ በሩ ላይ ተገተረች። ዋይናኒ የሟቹ ወንድሜ የሎሬንሶ ሚስት ናት። በደሴታችን፣ በፓኢያ መንደር ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ ሠርታ፣ የመንደሩን ልጅ በሙሉ አብልታ ነው ጡረታ የወጣችው። ከሥራ በፊት ባሕር ላይ ነበረች፣ ከሥራ በኋላም ባሕር ላይ ነበረች። የቀረውን ጊዜ ከእኔ ጋር ስትጨቃጨቅ ታሳልፋለች።

“ዘፊሪኖ፣ ያንን ማሽን አጥፋውና ስማኝ” አለችኝ።

አጠፋሁት። ባላጠፋው ገመዱን ትነቅለው ነበር።

“የፎይል ሰሌዳ ሥራልኝ።”

ከት ብዬ ሳቅሁ። እንዴት አልስቅ! ፎይል ማለት ከሰሌዳው ሥር በምሰሶ ተሰክቶ ውሃ ውስጥ የሚገባ፣ ትንሽ የአውሮፕላን ክንፍ የመሰለ ነገር ነው። ፍጥነት ሲያገኝ ሰሌዳውንም ሰውየውንም ከውሃው በላይ አንስቶ ይዞ ይበራል። ጠርዙ የሥጋ ቤት ቢላ ነው። ይህችው ሴትዮ ነች እኮ እኛ ወሽመጥ ውስጥ ፎይል ይዞ ብቅ ያለውን ጎረምሳ ሁሉ መቅዘፊያ አንስታ ያባረረችው! “ሕፃን በሚዋኝበት ውሃ ቢላ ይዞ መግባት የለም!” ብላ ሕጉን ያወጣችው እሷ፣ ሕጉን የምታስከብረው እሷ። ከዚያ ወዲህ ደፍሮ የገባ የለም።

“ራስሽ ከልክለሽ ራስሽ ልትገቢበት?” አልኳት።

“ወሽመጡ ውስጥ እገባለሁ ያለህ ማነው? ከማሊኮ ነው የምነሳው። ከማሊኮ እስከ ካሁሉይ ወደብ።”

አሁን ሳቄ ቆመ። ከማሊኮ ሸለቆ ወጥቶ፣ ነፋሱን በጀርባ ይዞ፣ ከሞገድ ወደ ሞገድ እየተሻገሩ በክፍቱ ባሕር ወደ ካሁሉይ መውረድ የጎረምሶች ሥራ ነው። እነሱም ቢሆኑ አንዳንድ ቀን ተሰባብረው ይገባሉ። ዋይናኒ ስድሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ቀኝ ጉልበቷ ደግሞ አልቋል።

የጉልበቷን ነገር እኔ ነኝ የማውቀው። ማዕበል የሚጋልብ ሰው በሆዱ ተኝቶ ይቀዝፍና ማዕበሉ ሲያነሳው በአንድ ትንፋሽ ዘሎ በእግሩ ይቆማል። እሷ ካቻምና ጀምሮ መዝለሉ እንቢ አላት። ረጅም ሰሌዳ ሠራሁላት፣ እንቢ አለ። ወፍራም ሠራሁላት፣ እሱም እንቢ አለ። “እንግዲህ በሆድሽ ተኝተሽ ጋልቢ፣ ማን ያይሻል?” ብላት ሰሌዳውን መሬት ላይ ጥላብኝ ሄደች። ስምንት ወር ሙሉ ባሕር አልገባችም። በረንዳዋ ላይ ቁጭ ብላ ማዕበሉን ታየዋለች። እውነቱን ልናገር፣ እሷን እንደዚያ ሆና ከማያት ወንድሜን ሁለተኛ ብቀብር ይሻለኝ ነበር።

“በዚህ ጉልበት?” አልኳት።

“ፎይሉን በመቅዘፊያ ነው የማስነሳው። ቀስ ብዬ ሰሌዳው ላይ እቆማለሁ፣ ከዚያ እቀዝፋለሁ። መዝለል የለበትም። ፖስተኛው ሮድኒ እንደዚያ ሲያደርግ አይቼዋለሁ።”

“እሺ፣ ለምን ማሊኮ? እዚህ ደጃፍሽ ላይ አትንሳፈፊም?”

ይህኔ እውነቱ ወጣ። ልጇ ኬኦላ ላስ ቬጋስ ነው የሚኖረው፣ የሆቴሎችን አየር ማቀዝቀዣ ይጠግናል። ዘመዶቻችን ግማሾቹ እዚያ ናቸው፣ ቤት የሚገኘው እዚያ ነዋ። ኬኦላም ከዓመት ዓመት “እማ፣ ደረጃ መውጣት አቅቶሻል፣ ብቻሽን ወድቀሽ ማን ያነሳሻል? ቤቱን ሸጠሽ ነይ” እያለ ይነዘንዛት ነበር። በመጨረሻ ቱግ አለችበት።

“‘ነሐሴ ሳያልቅ ከማሊኮ እስከ ወደቡ በእግሬ ቆሜ ከገባሁ፣ ሁለተኛ ነይ የሚል ቃል ከአፍህ አይውጣ’ አልኩት። ‘ብወድቅ እነሳለሁ፣ መውደቅ የሁሉም ነው። ግን ቆሜ ካልገባሁ ተሸንፌያለሁ። ከዚያ በኋላ ያልከኝን እሰማለሁ’ አልኩት።”

“እሱስ?”

“‘ቃል ነው እማ’ አለኝ። የምቀልድ መስሎት ነው፣ ጅል።”

“አንቺ ሴትዮ፣ ጤናም የለሽ!”

“ሰሌዳውን ትሠራለህ አትሠራም?”

ምን ልበል? ወንድሜን ለባሕር ሰጥቻለሁ። እሷንም ለላስ ቬጋስ ልስጥ? እዚህ መንደር ውስጥ እኔን ደፍሮ የሚሰድበኝ የቀረው አንድ ሰው እሷ ናት። ያንኑ ዕለት ለሰሌዳው የሚሆነውን ፎም ቆረጥኩ።

ፎይል እጠላ ነበር፣ አሁንም አልወደውም። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ከውሃ ጋር የሚነጋገር ሰሌዳ ስሠራ ነው። ይሄኛው ውሃውን ጥሎ የሚሄድ ነው። ግን ልሥራ ካልኩ እሠራለሁ። ጉልበቷን አስቤ ሰፊና ወፍራም አድርጌ፣ ስትቆም እንዳይወዛወዝባት አመቻቸሁት። ምሰሶውንና ክንፎቹን እሷ ከደሴቱ ከሚለቅ ሰው ላይ ገዛች። ልሰርልሽ ብላት እጄን በመፍቻው መታችኝ።

“ብሎኑን እኔው ነኝ የማስረው። ባሕር ላይ ቢፈታ የምሞተው እኔ ነኝ።”

ስልኳ ላይ እያየች፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ ምሰሶውን፣ የፊቱን ትልቅ ክንፍ፣ የኋላውን ትንሿን ክንፍ አንድ በአንድ አሰረች። ከዚያ ወደቡ ውስጥ ወረድን። ነፋሱ ደህና ነው፣ ትንንሽ ሞገድ አለ። ዋይናኒ በግራ እግሯ ተደግፋ፣ መቅዘፊያዋን ሰሌዳው ላይ አጋድማ፣ እያቃሰተች ቆመች። እንኳን ቆመች! እኔ ድንጋዩ ላይ ሆኜ አጨበጨብኩ። ቀዘፈች፣ ቀዘፈች፣ ቀዘፈች። ሰሌዳው ድርቅ ብሎ ውሃው ላይ ተቀመጠ፣ ጭራሽ አልነሳም አለ።

“ይሄ ሰሌዳ ነው ወይስ የምግብ ጠረጴዛ?” እያለች ወጣች። “ውሃው ላይ ሙጫ እንደተቀባ ተጣብቋል!”

እሺ፣ ሰፍቶ ይሆናል አልኩ። ሁለተኛውን ረጅምና ጠባብ አድርጌ ሠራሁት። እሱን ደግሞ በቆመች ቁጥር ይጥላታል። ቆማም ስትቀዝፍ ሊነሳ አፍንጫውን ቀና ያደርግና መልሶ ውሃ ውስጥ ይደፍቀዋል። በግንባሯ ተደፋች። ሥራዬን የመጥረጊያ እንጨት አለችው። ሮድኒ የራሱን ትልቅ የፊት ክንፍ አዋሳት፣ ያም አልረዳም። ሦስተኛውን ሰሌዳ ከሁለቱ መካከል አድርጌ፣ ሆዱን አጉብጬ፣ ብርጭቆ ወረቀት እጄን እስኪልጠው ፈትጌ ሰጠኋት። ያው ነው! ተነሳ ሲሉት ይደፋል፣ ተነሳ ሲሉት ይደፋል። ጉልበቷ አብጦ ማታ ማታ የቀዘቀዘ የአተር ከረጢት ታስርበታለች።

ሐምሌ ገባ። ኬኦላ ደወለ፣ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋዋለች።

“እማ፣ ልምምዱ እንዴት ነው?”

“ጥሩ ነው። አጎትህ ሰሌዳ መሥራት እስኪማር እየጠበቅሁት ነው።”

ቆሽቴ አረረ! አርባ ዓመት ሰሌዳ ስሠራ የኖርኩ ሰው! የዚህ ደሴት ጋላቢ ግማሹ በእጄ ሥራ ላይ ነው የቆመው! ቡናዬን ሳልጨርስ ተነስቼ ወጣሁ። ሦስት ቀን አላናገርኳትም። በአራተኛው ቀን ግን ወደ ወደቡ ሄድኩ። ብትሰጥምስ?

እንዲያው አንድ ከሰዓት በኋላ ሰሌዳውን ገልብጣ፣ ፎይሉን ወደ ሰማይ አቁማ፣ ሣሩ ላይ አስቀምጣ ጉልበቷን ታሻለች። ሮድኒ የፖስታ ሥራውን ጨርሶ፣ የደንብ ልብሱን ሳያወልቅ መጣ። ሰላም ሊለን ጀመረና በመሃል ተወው። አንገቱን ወደ ፎይሉ አዘነበለ። ዞረ። እንደገና ዞረ።

“እትዬ ዋይናኒ፣ ይቺን የኋላ ክንፍ ማን ነው ያሰራት?”

“እኔ ነኛ። ምነው?”

“አይቆጡኝም?”

“ተናገር፣ አንተ ልጅ!”

“ተገልብጣለች።”

ሮድኒ በጣቱ እያሳየ አስረዳን። ትንሿ ክንፍ አንድ ጎኗ ጎበጥ ያለ ነው። ያ ጎኗ ወደ ታች መሆን ነበረበት፣ የእሷ ወደ ላይ ነው። ስለዚህ የፊቱ ክንፍ ላንሳ ሲል የኋላይቱ አፍንጫውን ትደፍቀዋለች። ሰኔን ሙሉ ዋይናኒ በአንድ እጇ በር እየከፈተች በሌላው እየዘጋች ኖራለች ማለት ነው።

“ሦስት ሰሌዳ!” ብዬ ጮህኩ። ወደቡ ውስጥ ዓሣ የሚያጠምዱት ሁሉ ዞረው አዩኝ። “ሦስት! ጠረጴዛ ተባልኩ! የመጥረጊያ እንጨት ተባልኩ! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው! ሮድኒ፣ አንተ ምስክሬ ነህ!”

“እኔ የለሁበትም ጋሼ ዘፊሪኖ” አለ ሮድኒ ወደ ኋላ እያፈገፈገ።

ዋይናኒ መጀመሪያ ፊቷ ቀላ። ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ መሬቱ ላይ ተዘርግታ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ሎሬንሶ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። መቆጣቱም ጠፋብኝ። ይቅርታ አልጠየቀችኝም፣ አትጠይቅም። በነጋታው ግን አንድ ሰሃን ትኩስ ማላሳዳ፣ የእኛ የፖርቱጋሎቹ ቦምቦሊኖ፣ ጋራዤ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁ። ሁሉንም ብቻዬን በላሁት።

ክንፏ ከተስተካከለች በኋላ መጀመሪያ የሆነው ይህ ነው፤ ሰሌዳው ሽቅብ ተፈናጥሮ ዋይናኒን ወደ ኋላ ወረወራት። ለካ ሰኔን ሙሉ ክብደቷን ወደ ኋላ መጣል ለምዳለች። ሁሉንም እንደ አዲስ ጀመረችው። ሰፊውን ሞከረች፣ ሦስተኛውን ሞከረች፣ ትልቁን ክንፍ ፈታ መካከለኛውን አሰረች፣ ምሰሶውን አሳጠረች፣ መልሳ አስረዘመች። አሁን ብሎን ስታስር እኔንም ሮድኒንም ጠርታ “እዩት፣ ልክ ነው?” ትላለች። በመጨረሻ የመረጠችው የቱን መሰላችሁ? የመጥረጊያ እንጨት የተባለውን! ረጅሙና ጠባቡ ቶሎ ፍጥነት ይይዛል፣ ቶሎ ይነሳል። ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ፣ ግን ፊቴን እያየች “ፈገግታህን ሰብስብ” አለችኝ።

የቀኝ እግሯ ነገር ግን አስቸገረን። ኋላ የምታስቀምጠው እግር እሱ ነው፣ መታጠፍ አለበት፣ አይታጠፍም። ራሷ ነች መላውን ያገኘችው። “ጉልበቴ ወደ ሰሌዳው ካልወረደ ሰሌዳው ወደ ጉልበቴ ይምጣ” አለች። ከኋላ እግሯ ሥር ከፎም ትንሽ ተዳፋት ቆርጬ ለጠፍኩ። ሮድኒ ሰሌዳ ላይ ትራስ አይቶ ስለማያውቅ ሳቀ። እሷ ግን በዚያች ትራስ ላይ እግሯን ቀጥ አድርጋ፣ በወገቧ ብቻ እየመራች፣ በሐምሌ አጋማሽ ከውሃው በላይ ወጣች።

እኔ ድንጋዩ ላይ ነበርኩ። ሰሌዳው ተነሳ፣ ጩኸቱ ሁሉ ቆመ፣ ሴትዮዋ በአየር ላይ ሄደች። ሩቅ አይደለም፣ ከዚህ እስከ ሱቁ ቢሆን ነው። ወድቃ ስትወጣ ግን ፊቷ ሌላ ፊት ሆኗል።

“ዘፊ” አለችኝ። ዘፊ የሚለኝ ሎሬንሶ ብቻ ነበር። “ዘፊ፣ ድምፅ የለውም እኮ። ጉልበቴንም አላስታወስኩትም።”

ወደ ባሕሩ ዞሬ ነፋሱ ዓይኔ ውስጥ ጨው ያስገባ መሰልኩ።

ከዚያ በኋላ ማን ይያዛት? መጀመሪያ ለወደቡ ቅርብ ከሆነው ከካናሃ ዳርቻ እስከ ወደቡ ወረደች፤ ቀጥሎ ትንሽ ከፍ ብላ ተነሳች፤ ቀጥሎ ከፓኢያ። ሮድኒ አብሯት ይወርዳል፣ እኔ በፒካፑ በመንገዱ እከተላለሁ። አንድ ቀን የፒካፑን ቁልፍ ወንበሩ ላይ ረስታ ወደቡ ላይ ተቆልፎብን፣ ዝናብ ሲቀጠቅጠን ቆመን የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ለመንን። ሌላ ቀን ጉልበቷ ከማበጡ የተነሳ ከመኪናው አንስቼ አወረድኳት። “ተይው በቃ። ኬኦላም ልጅሽ ነው፣ አይገድልሽም” አልኳት። “አንተ መኪናህን ንዳ” አለችኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

በነሐሴ መጨረሻ ሳምንት ኬኦላ መጣ። ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ትከሻው የአባቱ ነው። አንድ ትልቅ ሻንጣ እየጎተተ ገባ። ለማንሳት ይዤው ቀለለኝ፣ ባዶ ነው። የእናቱን ዕቃ ሊከትበት ነው ያመጣው። ክፉ ልጅ አይደለም፣ ያ ነው የከበደኝ። ማታ በረንዳው ላይ “አጎቴ፣ ሌሊት ስልኬ በጮኸ ቁጥር እሷ የወደቀች ይመስለኛል። እዚያ ሆኜ ምን ላደርግ እችላለሁ?” አለኝ።

በማግስቱ ነፋሱ ጠዋት ጀምሮ የኮኮናት ዛፎቹን እያጎነበሰ ነበር። ማሊኮ ሸለቆ ወረድን። ውሃው ቡናማ ነው፣ ዳርቻው ሁሉ ድንጋይ። ዋይናኒ ሰሌዳዋን ለሮድኒ ሰጥታ እስከ ጭኗ ገባችና፣ እንደ ልማዳችን፣ ባሕሩን በደሴቱ የጥንት ቋንቋ ጸልያ አስፈቀደች። ኬኦላ ጫማውን ሳያወልቅ አጠገቧ ገብቶ አብሯት ሲያንበለብለው ሰማሁ፤ ላስ ቬጋስ አላስረሳውም። ጨርሳ ወደ እሱ ዞረች።

“ሻንጣህ አልራበውም? ባዶውን ይዘኸው ትመለሳለህ።”

“እናያለን፣ እማ።”

“ታያለህ!” ብላ ቀዘፈች።

እኔና ኬኦላ በፒካፑ ወደ ሆኪፓ ገደል ነዳን፤ ከዚያ ላይ ሆኖ ባሕሩ እንደ መዳፍ ይታያል። ቆምን፣ ጠበቅን። ነጭ በነጭ ሆኗል፣ የሚለይ ነገር የለም። ኬኦላ አንዴ ሰዓቱን፣ አንዴ ባሕሩን ያያል። በመጨረሻ ሮድኒ ብቅ አለ። ከእሱ ወደ ውጭ፣ ትልልቁ ሞገድ ላይ፣ ሌላ ሰው አለ። ቀጥ ብሎ የቆመ። ሰሌዳው ከውሃው ክንድ ከፍ ብሏል፣ ከአንዱ ሞገድ ጫፍ ወርዶ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። መቅዘፊያው በእጅ ላይ ዝም ብሎ ተይዟል።

“ያ ሰውዬ ጎበዝ ነው” አለ ኬኦላ። “እናቴስ የት አለች?”

“የትኛው ሰውዬ?” አልኩት። “እናትህ ናት እኮ!”

የገደሉን አጥር በሁለት እጁ ያዘ። እሷ ከፊታችን አልፋ፣ ወደ ፓኢያ ዞራ፣ ነጠብጣብ እስክትሆን ድረስ ዓይኑን አልነቀለም።

“አባዬ ይህን ሳያይ ሞተ” አለ። ከዚያ ቁልፉን ተቀብሎኝ ራሱ ነዳ፣ እኔ በሩን እንኳ ሳልዘጋ።

ወደቡ ላይ ደርሰን ከጀልባ ማውረጃው አጠገብ ቆምን። መግቢያው ሁለት የድንጋይ ግንቦች መካከል ነው። ጠበቅን። ሌሎች ጎረምሶች እየበረሩ ገቡ፣ ተሳሳቁ፣ ሰሌዳቸውን ጭነው ሄዱ። “አይታችኋታል?” ስላቸው “ካናሃ ጋ ናቸው፣ ጋሼ፣ ወድቀዋል” አሉኝ። መውደቅ የሁሉም ነው፣ ትነሳለች አልኩ። ደግሞ ጠበቅን። እኔ ሰው ፊት የማልጸልይ ሰው ነኝ፣ ያን ቀን ግን ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ኬኦላ አይቶኛል።

ከግንቡ መካከል መጀመሪያ የታየው ሮድኒ ነው። ቁጭ ብሎ ነው የሚቀዝፈው። ከአጠገቡ የእሷ ሰሌዳ አለ፣ ላዩ ላይ የቆመ ሰው ግን የለም። ሲቀርቡ ሳይ ዋይናኒ ሰሌዳው ላይ በሆዷ ተኝታለች። መቅዘፊያውን ከሥሯ አድርጋ በሁለት እጇ ውሃውን እየቧጠጠች፣ ያ ሁሉ ፎይል ከታች ወደ ኋላ እየጎተታት፣ እንደ ጀማሪ ሕፃን በሆዷ ወደ ወደቡ ገባች።

ካናሃ ፊት ለፊት ነው የወደቀችው። ሰሌዳው ላይ ልትወጣ ስትል ጉልበቷ ተቆለፈ። ሮድኒ በኋላ እንደነገረኝ ደጋግማ ሞከረች፣ ደጋግማ ወደቀች። “በገመድ ልጎትትዎ” ቢላት በመቅዘፊያው ውሃ ረጨችበት። ከዚያ ሁሉ መንገድ የቀረው ጥቂት ነበር።

ኬኦላ ከነልብሱ ገብቶ አቅፎ አወጣት። ሲሚንቶው ላይ አስቀመጣት። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ፎጣ ደረብኩላት።

“ተሸንፌያለሁ” አለች።

“ምን ተሸነፍሽ!” አልኩ። “ከአሥሩ ዘጠኝ እጁን ቆመሽ ነው የመጣሽው! ገደሉ ላይ ሆነን አይተናል!”

“ዘጠኝ አሥር አይደለም። ቆሜ ካልገባሁ ነው ያልኩት። በሆዴ ነው የገባሁት።”

“እትዬ፣ ነፋሱ ነው እኮ…” ሊል ጀመረ ሮድኒ።

“አንተ ዝም በል። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለጎረምሳው ሕግ አውጥቼ ለራሴ ልሽር?” ድምፅዋ ተሰበረ፣ ግን አላለቀሰችም። “ኬኦላ፣ ዕቃዬን ነገ እከታለሁ። ቤቱን አጎትህ ይሸጠዋል። ቃል ቃል ነው።”

እኔ ልፈነዳ ነው። እንደዚህ ያለ ግትር ሰው እግዚአብሔር ለምን ፈጠረ? ማንም ሳይጠይቃት ራሷን በራሷ ልታሰድድ! ልጮህባት አፌን ስከፍት ኬኦላ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። ውሃው ከሱሪው እየተንጠባጠበ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለ።

“ተሸንፈሻል፣ እማ?”

“ተሸንፌያለሁ አልኩ እኮ።”

“ያልኩሽን ትሰሚያለሽ?”

“እሰማለሁ። ስንቴ ልናገር?”

“እንግዲያው ስሚኝ። ከዚህ ደሴት ንቅንቅ እንዳትይ።”

አየችው። ልትከራከር አፏን ከፈተች፣ የምትከራከርበት ግን ጠፋት። ወደ እኔ ዞረች፣ እኔ ሰማይ ሰማይ አየሁ። ሮድኒ ሰሌዳውን አንስቶ ጭራሽ ራቅ ብሎ ሄደ። ቃሏን ካጠፈች ሕጓን ሻረች፤ ካላጠፈች እዚሁ ትቀራለች። ያች ሴትዮ ዕድሜዋን ሙሉ እንደዚያ ተይዛ አታውቅም።

የልጇን እርጥብ ፀጉር በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ ማልቀስ ጀመረች።

“እሺ” አለችው።